ስለ ኦቶማቲክ መኪና የካምቢዮ ዘይት አመረማመርና አለዋወጥ

በከተማችን መንገድ ላይ የሚመላለሱትን መኪናዎች ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፥ ከእነርሱ ብዙዎቹ ነጂው በእግሩ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ፥ በእጁም ማርሽ ሳይለውጥ የሚሄዱ ናቸው። እነዚህም «ኦቶማቲክ» የሚባሉት ናቸው። ለነጂው ዕረፍት የሚሰጡ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን የነጂውን የእጅና የእግር ሥራ ተረክቦ የሚሠራለት ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ለራሴ አቅርቤ መልሱን በፈለግሁ ጊዜ ያገኘሁት፥ ሠራተኛው ብረቱ ብቻ ሳይሆን በብረቱ መካከል የሚዘዋወረው ቀይ ዘይት ጭምር መሆኑን ነው። ይህ ዘይት ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደሚመረመርና በቤት እንዴት እንደሚለወጥ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ለመጻፍ የተነሣሁትም፥ ነገሩ ለመካኒክ ብቻ የሚተው ሳይሆን መኪና ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ስለ መሰለኝ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። የሞተሩን ዘይት ሁሉም በጊዜው ይለውጣል፤ የካምቢዮውን ዘይት ግን ካምቢዮው ሥራ እስኪያቆም ድረስ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ካምቢዮው ከተበላሸ በኋላ ለማሠሪያው የሚወጣው ገንዘብ አንድ ቤተ ሰብ ለወራት የሚተዳደርበትን ያህል ሊሆን ይችላል። መኪናው የእንጀራ መብያ ለሆነበት ቤትማ ጉዳቱ ከዚህም ይብሳል።

የኦቶማቲክ ካምቢዮ አመጣጥ

ሞተር በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ መኪናው ከቆመበት ሲነሣና ዳገት ሲወጣ በአንደኛ ማርሽ፥ ሜዳ ባገኘ ጊዜ ደግሞ ከፍ ባለ ማርሽ መሄድ አለበት። ይህን ለውጥ በእጅና በእግር ማድረግ ለብዙ ነጂዎች አስቸጋሪ ስለ ነበረ፥ ዐዋቂዎች መኪናው ራሱ ማርሹን የሚለውጥበትን ዘዴ ሲፈልጉ ኖሩ።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሽቴቲን ከተማ፥ በፉልካን የመርከብ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር፥ ብረት ከብረት ሳይያያዝ የሞተርን ኀይል በፈሳሽ አማካይነት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ፈልስፎ መብቱን አስመዘገበ። ይህ መሣሪያ በመጀመሪያ የታሰበው ለመርከብ ነበር። በ1939 ዓ.ም. በአሜሪካ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ «ሃይድራማቲክ» የተባለውን ካምቢዮ ለ1940 ዓ.ም. የኦልድስሞቢል መኪናዎች አቀረበ፤ ይህም በብዛት ተሠርቶ ለሕዝብ የተሸጠ የመጀመሪያው ሙሉ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ጊዜ ይኸው ካምቢዮ በአሜሪካ ቀላል ታንኮች ላይ ተገጥሞ አገልግሏል።

ካምቢዮው እየተስፋፋ ሲሄድ ለእርሱ ብቻ የሚሆን ዘይት አስፈለገ። በ1949 ዓ.ም. ጄኔራል ሞተርስ «ዐይነት ኤ» የተባለውን የዘይት ደረጃ አወጣ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ «ዴክስሮን» የሚባለው ተከተለ። በዚያ ዘመን በዘይቱ ውስጥ ይጨመሩ ከነበሩት ቅመሞች አንዱ ከዓሣ ነባሪ የሚወጣ ዘይት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት እንስሳው ዘሩ እንዳይጠፋ ሲል ንግዱን ስለ ከለከለ፥ የኬሚስትሪ ዐዋቂዎች በምትኩ ሌላ ቅመም ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። ዛሬ በየሱቁ የምናየው የካምቢዮ ዘይት ብዙ ዐይነት የሆነውም፥ እያንዳንዱ ኩባንያ ለራሱ ካምቢዮ የሚስማማውን ቅመም ስለሚመርጥ ነው።

ዘይቱ የሚሠራው ሥራ

ሁለት የአየር ማራገቢያዎችን ፊት ለፊት ብናቆምና አንዱን ብቻ በኤሌክትሪክ ብናሽከረክረው፥ ከእርሱ የሚወጣው ነፋስ ሁለተኛውን ማሽከርከር ይጀምራል። በመካከላቸው የሚያገናኛቸው ነገር አየር ብቻ ነው። በኦቶማቲክ መኪና ሞተርና ካምቢዮ መካከል ያለውም መሣሪያ የሚሠራው በዚህ ዐይነት ነው፤ ልዩነቱ በነፋስ ፈንታ ዘይት መሆኑ ነው። ሞተሩ አንደኛውን ባለ ክንፍ መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ ዘይቱን ይወረውራል፤ የተወረወረው ዘይት ሁለተኛውን መዘውር ያዞራል። በሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛ መዘውር ደግሞ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫውን አስተካክሎ ስለሚልከው፥ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ጉልበቱ ይጨምራል። ኦቶማቲክ መኪና ማርሽ ውስጥ ገብቶ በፍሬን ብቻ ሲቆም ሞተሩ የማይጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዘይቱ ሁለተኛ ሥራ ማርሽ መለወጥ ነው። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፥ ፓስካል የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። በካምቢዮው ውስጥ ሞተሩ የሚያሽከረክረው ፖምፓ አለ፤ ፖምፓው ዘይቱን በጠባብ መንገዶች እየገፋ ወደ ፍሪሲዮን ሳህኖች ይልከዋል። ዘይቱ አንዱን ክምር ሳህን ሲጫን አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ያን ለቆ ሌላውን ሲጫን ሁለተኛው ይገባል። እንግዲህ የነጂው እጅና እግር ሆኖ የሚሠራው ይኸው ግፊት ነው።

ሦስተኛ፥ ዘይቱ ጥርስ ካላቸው መዘውሮች ጋራ እየተዘዋወረ ብረት ብረትን እንዳይበላው ያለሰልሳል። አራተኛም ሙቀቱን ተሸክሞ በቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ እዚያም ቀዝቅዞ ይመለሳል። አንድ ፈሳሽ እነዚህን አራት ሥራዎች ባንድ ጊዜ መሥራቱ እኔን እጅግ አስደንቆኛል። ከአራቱ አንዱ ቢጓደል ሌሎቹም ተከትለው እንደሚጓደሉ ማስተዋል ይገባል።

ዘይቱን የሚያበላሸው ነገር

የዚህ ዘይት ዋና ጠላት ሙቀት ነው። ዘይቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ ሲሠራ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል የሚል የልምድ ስሌት በመካኒኮች ዘንድ አለ። ስሌቱ ግምት ቢሆንም መልእክቱ እውነት ነው።

ሙቀቱ የሚበዛው መቼ ነው ቢባል፥ አንደኛው መዘውር እየዞረ ሁለተኛው እምቢ ባለ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የሞተሩ ጉልበት መኪናውን በማንቀሳቀስ ፈንታ ዘይቱን በማማሰል ያልቃል፤ የባከነውም ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ዳገቱ ብዙ ነው። ሰው የሞላበት መኪና ወደ እንጦጦ በዝግታ ሲወጣ፥ ወይም በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ አሥር ሜትር ሄዶ ሲቆም፥ እንደገናም አሥር ሜትር ሲሄድ፥ ዘይቱ የሚደርስበትን ፈተና መገመት አያዳግትም። የመኪና ፋብሪካዎች በመጽሐፋቸው «ከባድ አገልግሎት» ብለው የሚጠሩት ይህን ዐይነቱን ነው።

ዘይቱ በቤት እንዴት ይመረመራል

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው የዘይት መለኪያ ዘንግ ላላቸው መኪናዎች ነው። በአገራችን በብዛት ከሚታዩት መካከል ቀደም ያሉት ኦቶማቲክ የቶዮታ ኮሮላና ቪትስ መኪናዎች ይህ ዘንግ አላቸው። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ግን ዘንጉ ቀርቷል፤ የእነርሱ መጠን የሚታወቀው ከሥር ያለውን ቡሎን ፈትቶ፥ ዘይቱ በተወሰነ የሙቀት ደረጃ ላይ ሳለ የሚንጠባጠበውን በመመልከት ስለ ሆነ፥ የሙቀት መለኪያ መሣሪያ ላለው ባለሙያ መተው ይሻላል።

1ኛ፤ መኪናውን 15 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ነድቶ ዘይቱን ማሞቅ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፤ 7 ሊትር ዘይት ከ20 ዲግሪ ወደ 80 ዲግሪ ቢሞቅ በግምት 300 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በቀዝቃዛው የተለካው ልክ እውነተኛው ልክ አይደለም።

2ኛ፤ መኪናውን ሜዳ በሆነ ቦታ አቁሞ የእጅ ፍሬኑን መያዝ ነው። ዘንበል ባለ ግቢ የተለካ ዘይት ጎድሎ ሳለ ሙሉ፥ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጎዶሎ ሊመስል ይችላል።

3ኛ፤ ሞተሩ እየሠራ፥ እግር ፍሬኑን እንደ ረገጠ፥ የማርሹን ዘንግ ከ«ፒ» ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ በየፊደሉ ጥቂት ሴኮንድ እያቆሙ ማዞር፤ ከዚያም ወደ «ፒ» መመለስ ነው። ይህን ማድረጉ ዘይቱ በየመንገዱ ሁሉ እንዲሞላ ነው።

4ኛ፤ ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፈኑን ከፍቶ የካምቢዮውን የዘይት ዘንግ መምዘዝ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይባል። በመጀመሪያ፥ የሞተሩ ዘይት ዘንግ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ማሳሳት አይገባም። ቀጥሎም፥ የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ሲሆን የካምቢዮ ዘይት ግን በአብዛኛዎቹ መኪናዎች የሚለካው ሞተሩ እየሠራ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ከላይ የነበረው ዘይት ወደ ታችኛው መያዣ ስለሚወርድ መጠኑ ያለ አግባብ በዝቶ ይታያል። የሆንዳ መኪናዎች ግን ከሞቁ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ወዲያው የሚለኩ ስለ ሆኑ፥ የመኪናውን መጽሐፍ አስቀድሞ ማንበብ የማይታለፍ ግዴታ ነው።

5ኛ፤ ዘንጉን ክር በማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ፥ እስከ መጨረሻው ከትቶ፥ እንደገና መዝዞ ማየት ነው። በዘንጉ ላይ ለሞቀ ዘይት የተለየ ምልክት አለ፤ ዘይቱ በሁለቱ የሙቅ ምልክቶች መካከል ከሆነ ልኩ ደኅና ነው። ለቀዝቃዛ ዘይት የተደረገው ምልክት ለግምት ብቻ ያገለግላል።

ሞተሩ እየሠራ ስለ ሆነ፥ ነጠላ ወይም ልቅ የሆነ እጅጌ ከማራገቢያውና ከቺንጊያው እንዲርቅ፥ ረጅም ጠጉርም እንዲታሰር አደራ እላለሁ። እኛ ተማሪዎች ይህን ስንሠራ ዐዋቂ ሰው አብሮን ሊኖር ይገባል።

ዘይቱ የሚናገረው ቋንቋ

የዘንጉን ጫፍ በነጭ ወረቀት ላይ ነካ አድርጎ ቀለሙንና ሽታውን መመርመር እንደ ሐኪም ምርመራ የሚቈጠር ነው። አዲሱ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው። ቀይ የሆነው በተፈጥሮው ሳይሆን፥ በፈሰሰ ጊዜ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ቀለም ስለ ተጨመረበት ነው፤ ሌላ ቀለም ያላቸውም አሉ።

ቀይ ሆኖ ጥርት ያለ ከሆነ ደኅና ነው። ወደ ቡናማነት ከተለወጠ አርጅቷልና የሚለወጥበት ጊዜ ቀርቧል። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ከመጠን በላይ ሞቋል፤ የፍሪሲዮን ሳህኖቹም ልባስ መቃጠል ሳይጀምር አልቀረም። እንደ ወተት የደፈረሰ ሐምራዊ መልክ ካለው፥ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተቀዶ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይህን መኪና አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይነዱ ወደ ባለሙያ ማስጎተት ይገባል። በጣቶች መካከል ሲታሽ የሚቈረቍር የብረት ስብርባሪ ከተገኘም ነገሩ ከዘይት ለውጥ ያለፈ ነው።

ስለ መጠኑ ደግሞ አንድ የማይረሳ ሕግ አለ፤ ይኸውም የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት በሥራ ላይ እየተቃጠለ የሚቀንስ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ከጎደለ የሚፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። የሚፈስበትን ሳይፈልጉ መጨመር ብቻ በተቀደደ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

የዚህን ሕግ ዋጋ በቤታችን አይቼዋለሁ። አጎቴ በአንዲት ኮሮላ ሰው እያመላለሱ ቤተ ሰባቸውን ያስተዳድራሉ። ባለፈው ዓመት መኪናዋ ጧት ጧት «ዲ» ላይ ስትገባ ዘግይታ መነሣት፥ ዳገት ላይም ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቷ አልጨምር ማለት ጀመረች። ያሳዩዋት አንድ ጋራዥ «ካምቢዮው አልቋል፥ በሌላ መተካት አለበት» አላቸው። የተጠየቁትን ገንዘብ ለማግኘት ሲሉ፥ ለልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ወጪ ያስቀመጡትን ለማውጣት ቈርጠው ነበር። እኔም «አጎቴ፥ ከመክፈልዎ በፊት እባክዎ የዘይቱን ልክ እንየው» ብዬ ለመንኋቸው፤ እርሳቸውም «ማየቱ ገንዘብ አይጠይቅ፥ እንይ እንጂ» አሉኝ። መጽሐፉ በሚያዘው መሠረት አሙቀን ስንለካው፥ ዘይቱ በዘንጉ ጫፍ ላይ ብቻ ታየ። ቀለሙ ግን ገና ቀይ ነበር፤ የመቃጠል ሽታም አልነበረውም። ከሥር ተኝተን ስንመለከት ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ማሠሪያው ላልቶ ዘይቱ እየተንጠባጠበ ነው። ቱቦውና ማሠሪያው ተለውጦ 1 ሊትር ያህል ዘይት ከተጨመረ በኋላ መኪናዋ ደኅና ሆነች፤ እስከ ዛሬም በሥራ ላይ ናት። ነገሩን የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ ዘይቱ ሲጎድል ፖምፓው ከዘይቱ ጋራ አየር ይስባል፤ አየር ደግሞ ሲጫኑት ስለሚታመቅ ሳህኖቹን አጥብቆ የሚይዝ ግፊት አይገኝም። የተበላሸው ካምቢዮው ሳይሆን የሚያሠራው ኀይል ነበር። እርግጥ ነው፥ በዚህ ሁኔታ ጥቂት ወራት ቢሠሩባት ኖሮ ሳህኖቹ ተቃጥለው የጋራዡ ቃል እውነት በሆነ ነበር።

የዘይት ምርጫ

ዘይት ሲገዛ «የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ማለት አይበቃም። ትክክለኛው ዐይነት በመኪናው መጽሐፍ ወይም በራሱ በዘንጉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ ቀደም ላሉት የቶዮታ መኪናዎች «ቲ-4»፥ ለኋለኞቹ ደግሞ «ደብልዩ ኤስ» የተባለው የታዘዘ ነው። እነዚህ በቅጥነትም በቅመምም ስለሚለያዩ አንዱ በሌላው ፈንታ አይገባም። «ሲ ቪ ቲ» የሚባለው ካምቢዮ ደግሞ ጭራሹን የተለየ ነው፤ በሁለት መዘውሮች መካከል ተጨብጦ በሚዞር የብረት ቀበቶ ስለሚሠራ፥ ለእርሱ የተዘጋጀውን ዘይት ብቻ ይፈልጋል። ቪትስም ሆነ ኮሮላ በሁለቱም ዐይነት ካምቢዮ ስለ ተሠሩ፥ የመኪናው ስም አንድ መሆኑ ሊያሳስት አይገባም።

ዘይቱ እንዴት ይለወጣል

የሚለወጥበት ጊዜ በመጽሐፉ የተወሰነ ነው፤ በብዙ መኪናዎች ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል ይሆናል። በከባድ አገልግሎት ላይ ላለ መኪና ግን በግማሹ መለወጥ ብልኅነት ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው ትክክለኛው ዘይት፥ ለማፍሰሻው ቡሎን የሚስማማ ቁልፍ፥ አዲስ ሮንዴላ፥ ሰፊ ሳህን፥ መጠኑ የተጻፈበት ጀሪካን፥ ጫፉ ቀጭን የሆነ መጨመሪያ፥ ክሪክና ጠንካራ የብረት መደገፊያ ነው።

መኪናውን ጥቂት ነድቶ ዘይቱን ለብ ማድረግ መልካም ነው፤ ለብ ያለ ዘይት ፈጥኖ ይወርዳል። እጅግ የጋለ ዘይት ግን ቆዳ ያቃጥላልና መጠበቅ ያስፈልጋል። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፥ ሞተሩ ጠፍቶ፥ የኋላ ጎማዎቹ ድንጋይ ተደርጎባቸው፥ በክሪክ ከተነሣ በኋላ በብረት መደገፊያው ላይ ይቀመጥ። ከዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገረው አንድ ቃል አለ፤ ማንም ሰው ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ሊገባ አይገባም። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም።

ቀጥሎም የካምቢዮውን የማፍሰሻ ቡሎን ከሞተሩ የማፍሰሻ ቡሎን ለይቶ መፍታት ነው። የወረደውን ዘይት ሳይደፉ በጀሪካኑ ቀድቶ መለካት ያስፈልጋል፤ የሚጨመረው አዲስ ዘይት ልክ የሚታወቀው ከዚህ ነው። በብዙ ትናንሽ መኪናዎች 3 ሊትር ያህል ይወርዳል።

የዘይት መያዣው ሳህን የሚፈታበት መኪና ከሆነ፥ በውስጡ ያሉትን ትናንሽ ማግኔቶች ማየት ጠቃሚ ነው። በላያቸው ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብናኝ ቢገኝ ከዕለት ተዕለት መፋተግ የመጣ ስለ ሆነ ጠርጎ መመለስ ነው፤ ስብርባሪ ብረት ከተገኘ ግን ባለሙያ ይጠራ። ማጣሪያው ይለወጣል፤ የአሮጌው ጓርኒሲዮን ቅሪት ተጠርጎ አዲሱ ይገባል። ቡሎኖቹም ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው እየተዘዋወሩ በመጠኑ ይጠበቃሉ፤ ከልክ በላይ ማጥበቅ ሳህኑን ያጣምመዋል።

ከዚያም የማፍሰሻውን ቡሎን በአዲስ ሮንዴላ አጥብቆ፥ መኪናውን ወደ መሬት አውርዶ፥ በዘንጉ ቀዳዳ በኩል የወረደውን ያህል መጨመር ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ መጨረሻው ላይ ከሩብ ሊትር እያነሰ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ይገባል። የጎደለውን መጨመር ቀላል ሲሆን የተረፈውን ማውጣት ግን አድካሚ ነው። «ትርፉ ምን ይጎዳል» የሚል ቢኖር፥ ብዙ ይጎዳል። ልኩን ያለፈ ዘይት የሚዞሩት መዘውሮች እየመቱት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ አየር ስለ ሆነም ከመጉደል የሚመጣው ጉዳት ከመብዛትም ይመጣል። በመጨረሻ ሞተሩን አስነሥቶ፥ ማርሹን በየፊደሉ አዙሮ፥ ነድቶ አሙቆ፥ ከላይ በጻፍሁት መንገድ እንደገና መለካት ነው።

አስተዋይ አንባቢ ግን አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ካምቢዮው 7 ሊትር የሚይዝ ከሆነና የወረደው 3 ሊትር ብቻ ከሆነ፥ የቀረው 4 ሊትር የት ነው? በባለ ክንፍ መዘውሮቹ ቤትና በማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ጊዜ ሲለወጥ ከአሮጌው ዘይት አራት ሰባተኛው፥ ማለት ከመቶ 57 ያህሉ ይቀራል። ጥቂት ቀን ነድቶ ሁለተኛ ቢለወጥ የሚቀረው ከመቶ 33 ያህል ነው። ሦስተኛ ቢለወጥ ከመቶ 19 ያህል ብቻ ይሆናል። በሒሳብ ክፍል «ይህ ለምን ይጠቅማል» እያልን የምናጉረመርምበት የክፍልፋይ ብዜት፥ ስንት ሊትር መግዛት እንዳለብን የሚነግረን እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

መታረም የሚገባቸው አንዳንድ አሳቦች

«ያረጀ ዘይት ከተለወጠ ካምቢዮው ይሞታል» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይህ አባባል የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ዘይቱን የሚያስለውጠው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ስለ ሆነ፥ ያለቀውን የሳህን ልባስ አዲስ ዘይት ሊመልሰው አይችልም፤ በሽታው ግን በመድኀኒቱ ይሳበባል። በጊዜው ለሚለወጥ ጤነኛ ካምቢዮ ይህ ፍርሃት አይሠራም። ለረጅም ዘመን ሳይለወጥ ለኖረ ግን፥ በመሣሪያ እየገፉ ከማጠብ ይልቅ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሱ መለወጥ የተሻለ ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው፥ ባትሪው የደከመ ኦቶማቲክ መኪናን ገፍቶ ለማስነሣት መሞከር ነው። ፖምፓው የሚዞረው በሞተሩ ስለ ሆነ፥ ሞተሩ ካልሠራ ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ጎማውና ሞተሩ አይገናኙም። ስለዚህ የሰፈር ልጆች ሁሉ ቢገፉት አይነሣም። በዚሁ ምክንያት፥ ሞተሩ የጠፋ ኦቶማቲክ መኪና የሚነዱት ጎማዎች መሬት እየነኩ ሩቅ መንገድ ቢጎተት፥ የሚያለሰልሰው ዘይት ስለማይደርስ ውስጡ ይበላል።

ሦስተኛው፥ ነዳጅ ለመቈጠብ ሲሉ ቁልቁለት በፎሌ መውረድ ነው። ይህ ለካምቢዮውም ለነፍስም አይበጅም። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ነው። እንደዚህ ባለ ቦታ ዝቅተኛውን ማርሽ ይዞ በሞተሩ ኀይል መኪናውን መግታት፥ ፍሬኑን ከመጋል ያድነዋል።

የወረደው አሮጌ ዘይት

ሥራው የሚያልቀው ኮፈኑ ሲዘጋ አይደለም። አሮጌውን ዘይት በቦይ ወይም በግቢ አፈር ላይ መድፋት በብዙ ቦታ ልማድ ሆኗል። በቦይ የተደፋው ዘይት ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ በዚያ ወንዝ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ፥ ከብት የሚያጠጡ ወገኖቻችን አሉ። በውስጡ የብረት ብናኝና ቅመማ ቅመም ስላለበት ተፈጥሮ በቀላሉ አታጠፋውም። ስለዚህ በጀሪካን አሽጎ፥ አሮጌ ዘይት በበርሜል ለሚያጠራቅም ጋራዥ መስጠት የጨዋ ሰው ሥራ ነው። እጅንም በሳሙና አጥርቶ መታጠብ አይረሳ።

የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፥ ይህን ያህል የጻፍሁት ሁላችን መካኒክ እንድንሆን አይደለም። በክፍል የምንማረው የፓስካል ሕግ፥ የሙቀት መስፋትና ክፍልፋይ፥ በደጃችን በቆመ መኪና ሆድ ውስጥ ሥራ ላይ ያሉ መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ወላጆቻችን ደግሞ ከአንድ ንጹሕ ጨርቅና ከአሥራ አምስት ደቂቃ የበለጠ በማይጠይቅ ምርመራ፥ በላብ የተገኘን ገንዘብ ከማይገባ ወጪ ማዳን እንደሚቻል ይገነዘቡልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለዚህ መኪና ያላችሁ ሁሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ የመኪናችሁን መጽሐፍ ገልጣችሁ አንብቡ፤ አሙቃችሁም ዘንጉን ምዘዙና ዘይቱ የሚላችሁን ስሙ።